የፊልም ሠሪዎችን የሥዕል ዐውደ ርዕይ ስለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፊልሞቻቸው የምናውቃቸው ዳይሬክተሮች በእጃቸው የሣሏቸው፣ ቆርጠው ያጣበቋቸው፣ የሰፏቸውና የቀረጿቸው ሥራዎች ሙዚየም ውስጥ ሲቀርቡ ለማየት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቃቸውን እዚህ ሰብስበን መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ባለ ዐውደ ርዕይ ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

ከሁሉም የሚበዛው ወረቀት ነው። የማስታወሻ ደብተር ገጾች፣ የገጸ ባሕርያት ንድፎች፣ ስቶሪቦርዶች (ፊልሙን በተከታታይ ሳጥኖች የሚያሳዩ ንድፎች)፣ የውሃ ቀለምና የዘይት ቀለም ሥዕሎች፣ ኮላዦች (ቁርጥራጮችን በማጣበቅ የተሠሩ ሥዕሎች) እና ፎቶግራፎች ይኖራሉ። ከእነሱ ጋር ፊልሙ ላይ የታዩ አልባሳት፣ ጭምብሎችና አሻንጉሊቶችም ሊቀርቡ ይችላሉ።

መጠኑን ለመገመት አንድ ምሳሌ ላንሣ። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በኖቬምበር 2009 የከፈተው የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የቲም በርተን ዐውደ ርዕይ ከ700 በላይ ሥራዎች የቀረቡበት ነበር። በናፕኪን ላይ የተጫሩ ንድፎች ሳይቀሩ በፍሬም ተሰቅለው ታይተዋል። እስከ ኤፕሪል 2010 ድረስ ከ800,000 በላይ ሰው ጎብኝቶታል።

ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ፦ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ ተደባልቆ ይጠብቃችኋል። አንደኛው ለፊልሙ ሲባል የተሠራ ነው። ሁለተኛው ፊልም ቢኖርም ባይኖርም ሠሪው ከመሥራት የማይቀረው ነው። ከየሥራው ጎን ያለችውን መግለጫ ስታነቡ መጀመሪያ ይህን ለዩ፤ አስተያየታችሁ ከዚያ በኋላ ይለወጣል።

ካሜራ ያለው ሰው ለምን ይሥላል?

ከሁሉም ጥያቄዎች የምወደው ይህን ነው፤ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያልና።

ጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ በወጣትነቱ ሠዓሊ የመሆን ሐሳብ ነበረው። ወደ ፊልም ከገባ በኋላ ለብዙ ዓመታት በካሜራው ታወቀ እንጂ በብሩሹ አልታወቀም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን «ካጌሙሻ» ለተባለው ፊልሙ የሚሆን ገንዘብ ጠፋ። እሱም ፊልሙ ምናልባት ጨርሶ ላይሠራ ይችላል ብሎ ስላሰበ፣ ቢያንስ ምስሎቹ እንዲተርፉ ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ በቀለም ሣላቸው። ፊልሙ በአሜሪካውያኑ ዳይሬክተሮች በፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላና በጆርጅ ሉካስ እገዛ ገንዘብ አግኝቶ በ1980 ወጣ። ለ1985ቱ «ራን»ም እንዲሁ ብዙ ሥዕል ሣለ። እነዚያን ወረቀቶች ስታዩ ቀለሙ ለምን እንዲህ እንደደመቀና መስመሩ ለምን እንደቸኮለ ይገባችኋል። የሣላቸው ሰው በእጁ ያለው ፊልም ይህ ብቻ ሆኖ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበረበት።

ሕንዳዊው ሳትያጂት ሬይ ደግሞ በሳንቲኒኬታን ሥዕል ተምሮ፣ በካልካታ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በንድፍ ሥራ የኖረ ሰው ነው። የመጽሐፍ ሽፋን ይነድፍ፣ የፊደል ቅርጽም ይፈጥር ነበር። የመጀመሪያ ፊልሙን «ፓቴር ፓንቻሊ»ን ሲያዘጋጅ እንደ ደንቡ የተሟላ ጽሑፍ በመጻፍ ፈንታ ትዕይንቶቹን በቀለም እየሣለ በደብተር ሞላና ገንዘብ ሊያወጡ ለሚችሉ ሰዎች ያንን ያሳይ ነበር። ፊልሙ የወጣው በ1955 ነው። ለሬይ ሥዕሉ ሐሳቡን ለሌላ ሰው የሚያስረዳበት ቋንቋ ነበር።

ጣሊያናዊው ፌደሪኮ ፌሊኒ በወጣትነቱ የሰዎችን መልክ አጋንኖ በመሣል እንጀራውን አግኝቷል። ሮም በ1944 ነፃ ከወጣች በኋላ የወታደሮችን መልክ የሚሥልባት ሱቅ ነበረችው። ታዋቂ ዳይሬክተር ሲሆንም ልማዱ አልቀረም፤ ገጸ ባሕርይ ሲያስብ በባለቀለም እስክሪብቶ ይሥለውና ለአልባሳትና ለመድረክ ንድፍ ባለሙያዎቹ ይሰጣቸው ነበር። ከ1960 ጀምሮም በሥነ ልቦና ሐኪሙ ምክር ሕልሞቹን በሥዕልና በጽሑፍ መመዝገብ ያዘ። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ አላቋረጠም።

አንዱ ፊልሙ እንዳይጠፋበት፣ አንዱ ሰው እንዲያምነው፣ አንዱ ራሱን እንዲያውቅ ሣለ። ዐውደ ርዕዩን ስትጎበኙ «ይህ ሰው ይህችን መስመር ሲያሰምር ምን ቸግሮት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንኛውም አስጎብኚ ከሚሰጣችሁ ማብራሪያ በላይ መንገድ ያሳያችኋል።

ፊልሞቹን ሳላይ ብሄድ ይገባኛል?

ይገባችኋል። እንዲያውም አንድም ፊልም ሳያይ የሚመጣ ጎብኚ ብዙ ጊዜ ከአድናቂው ይልቅ ሥዕሉን በደንብ ያየዋል። አድናቂው «ይህ ከዚያ ፊልም ነው፣ ይህም ከዚያኛው ነው» እያለ የሚያውቀውን መለየት ስለሚይዝ ከሥዕሉ ፊት የሚቆየው ለአፍታ ነው።

የሚመቻችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ፊልም ብቻ እዩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ምረጡ። የቀሩትን ከጉብኝቱ በኋላ ተመልከቷቸው። ወረቀት ላይ ያያችሁት ጥላ ወይም የእጅ አቀማመጥ በፊልሙ ሲመጣ ትደሰታላችሁ፤ ያ ደስታ ቀድሞ ፊልሙን ላየ ሰው አይገኝም።

ስቶሪቦርድ ፊት ስቆም ምን እንደማይ አላውቅም። እንዴት ነው የሚነበበው?

ከሳጥኑ ቅርጽ ጀምሩ። ስቶሪቦርድ የፊልሙን ትዕይንቶች በተከታታይ ሳጥኖች ውስጥ የሚያሳይ ንድፍ ነው። ሳጥኑ ወደ ጎን በጣም የረዘመ ከሆነ ሠሪው ሰፊ ስክሪን ያስባል፤ ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ አራት ማዕዘን ከተጠጋ የቀድሞውን የስክሪን ቅርጽ ወይም ቴሌቪዥንን ያስባል። ይህ ምርጫ ሰዎቹ ፍሬሙ ውስጥ ተቀራርበው ወይም ተራርቀው መታየታቸውን ይወስናል።

ቀጥሎ ቀስቶቹን ተከተሉ። በብዙዎች አሠራር ሰው ወይም ዕቃ ሲንቀሳቀስ ቀስቱ ሳጥኑ ውስጥ ይሣላል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ደግሞ በጠርዙ ወይም ከሳጥኑ ውጭ። በሳጥን ውስጥ ሌላ ትንሽ ሳጥን ካያችሁ ካሜራው ወደዚያ ሊጠጋ ነው ማለት ነው። ከሥር የሚጻፉት አጫጭር ቃላት ንግግር፣ ድምፅ ወይም የጊዜ ርዝመት ናቸው።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ዋናውን ፈልጉ፦ የተሰረዘውን። እርሳሱ ተደጋግሞ የሄደበትን፣ በላስቲክ የጠፋውን፣ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበትን ቦታ ተመልከቱ። ዳይሬክተሩ ሐሳቡን የቀየረው እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ በሳጥኑ መሃል ተሥሎ ኋላ ወደ ጥግ ከተገፋ፣ ብቸኝነቱ የተወለደው በዚያች እርማት ነው። ፊልሙ ላይ ይህ አይታይም፤ ፊልም የሚያሳየው የመጨረሻውን ውሳኔ ብቻ ነው። ወደ ሙዚየም የምንሄድበት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በሥዕል ፊልሞች (አኒሜሽን) ላይ ደግሞ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ወረቀቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሲነባበሩ እንዳይንሸራተቱ በመያዣ ጥርሶች ላይ የሚሰኩባቸው ናቸው።

ለፊልም ያልተሠሩትን ሥራዎችስ እንዴት ልይ?

እንደ ማንኛውም የሥዕል ኤግዚቢሽን። ሠሪው ዳይሬክተር መሆኑን ለጊዜው እርሱት።

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ዴቪድ ሊንች ከሁሉ በፊት ሠዓሊ ነበር። ፊላደልፊያ በሚገኘው የፔንስልቫኒያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሪ ሳለ የሣለው ሥዕል ሲንቀሳቀስና ነፋስ ሲነፍስበት ተሰማው። በ1967 ያንን ስሜት ተከትሎ ከገዛ ፊቱ የወሰዳቸው ቅርጾች በተለጠፉበት ሸራ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አበራ፤ ከሥዕሉ ጋር የሳይረን ድምፅ ያለማቋረጥ ይጮኽ ነበር። ፊልም ሠሪነቱ ከዚያ ጀመረ። መሣሉን ግን በ2025 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ አልተወም፤ በ2007 ፓሪስ ውስጥ በካርቲየር ፋውንዴሽን ትልቅ ዐውደ ርዕይ ቀርቦለታል። የሊንችን ሸራዎች የፊልሞቹ ቅሬት አድርጎ ማየት ነገሩን መገልበጥ ይሆናል።

ሰርጌይ ፓራጃኖቭ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ። በ1924 በትብሊሲ የተወለደው ይህ አርመናዊ ዳይሬክተር በሶቪየት ባለሥልጣናት ከፊልም ሥራ ለረጅም ጊዜ ታግዷል፤ ከ1973 እስከ 1977 ድረስም ታስሯል። እስር ቤት ውስጥ ካሜራ የለም። ስለዚህ በእጁ የገባውን ሁሉ ሥራ ላይ አዋለው፦ የጆንያ ጨርቅ፣ የደረቀ አበባ፣ ቁርጥራጭ ወረቀት። ከወተት ጠርሙስ የቆርቆሮ ክዳን ላይ በጥፍሩና በሚስማር መልክ እየቀረጸ ሜዳሊያ የሚመስሉ ነገሮችን ይሠራ ነበር። ከተፈታ በኋላም ካሜራ እስኪፈቀድለት ድረስ በዳንቴል፣ በተሰበረ ሸክላ፣ በላባና በመስታወት ስብርባሪ ኮላዥ መሥራቱን ቀጠለ።

የፓራጃኖቭን ኮላዥ ስታዩ ፊታችሁን በጣም አታስጠጉ። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ የቀለሙን ድርድር እዩ፤ ቀጥሎ ቀረብ ብላችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ምን እንደነበረ ለዩ፤ ከዚያ እንደገና ራቅ በሉ። ሁለተኛው ርቀት ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይሆንም፤ አሁን ውበቱ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ።

ፈረንሳይ ውስጥ ፊልም ትሠራ የነበረችው አኜስ ቫርዳ ደግሞ ያልተሳካላትን የቆየ ፊልሟን ጥቅልል ወስዳ በግድግዳና በጣሪያ ፈንታ ዘርግታ ጎጆ ሠርታበታለች። በ2006 ፓሪስ ላይ የቀረበው ይህ ሥራ ሰው ገብቶ የሚቆምበት ነበር፤ ብርሃኑ ተዋንያኑ ባሉበት የፊልም ጥብጣብ ውስጥ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ሥራ ካጋጠማችሁና መግባት ከተፈቀደ፣ ከውጭ አይታችሁ አትለፉ።

ክፍሎቹ ለምን ይጨልማሉ?

ወረቀትና ቀለም በብርሃን ስለሚጎዱ ነው። በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት የተለመደ የብርሃን ልክ ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ በቢሮ ውስጥ ካለው ብርሃን በብዙ እጥፍ ያነሰ። ባለቀለም እስክሪብቶና የውሃ ቀለም በተለይ ቶሎ ይለቃሉ፤ ፀሐይ ላይ እንደከረመ መጋረጃ ነጣ ብለው ይቀራሉ፤ አንዴ ከለቀቁም አይመለሱም። ዳይሬክተሮች ደግሞ ለዘለቄታው አስበው ሳይሆን በቀረባቸው ርካሽ እስክሪብቶና ተራ ወረቀት ስለሚሠሩ አደጋው ይብሳል። አንድ ሥዕል ለጥቂት ወራት ታይቶ ወደ ጨለማ መጋዘን የሚመለሰው፣ አንዳንዴም በዐውደ ርዕዩ መካከል በሌላ የሚተካው ለዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ስትገቡ ለጥቂት ደቂቃ ምንም ለማየት አትጣደፉ። ዓይናችሁ ሲለምደው ጨለማ የመሰላችሁ ይገለጣል። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የማንበቢያውን አትርሱ፤ መግለጫዎቹ በትንንሽ ፊደላት የሚጻፉ ናቸው።

ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

እንደየቦታው ነው፤ ብልጭታ ግን ጨርሶ አይፈቀድም ብላችሁ ግቡ። ከሌላ ሙዚየም በውሰት የመጡ ሥራዎች በአብዛኛው ለብቻቸው ክልከላ ስላለባቸው በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ የሚነሣና የማይነሣ ይኖራል። ምልክቱን ከመግለጫው ጎን ፈልጉ። በጃፓን ሚታካ የሚገኘው፣ የሥዕል ፊልሞችን የሚሠራው የጂብሊ ስቱዲዮ ሙዚየም በሕንፃው ውስጥ ፎቶ አያስነሣም፤ ጎብኚው በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ስለሚፈልጉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ከፊት ቁጭ ብዬ መሣልስ?

ይህን ከልብ እመክራለሁ። አብዛኞቹ ሙዚየሞች በትንሽ ደብተርና በእርሳስ መሣልን ይፈቅዳሉ፤ እስክሪብቶና ቀለም ግን አያስገቡም። መሣል አልችልም አትበሉ። አንዲት መስመር ለመከተል ስትሞክሩ ሠሪው የት እንደፈጠነ፣ የት እንዳመነታ እጃችሁ ይነግራችኋል። ሰው እንዳይዘጋባችሁ ጥግ ያዙ።

ምን ያህል ጊዜ ይበቃል? ትኬትስ?

ለትልቅ ዐውደ ርዕይ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ መድቡ። ተወዳጅ የሆኑት የመግቢያ ሰዓት የተወሰነበት ትኬት ይሸጣሉ፤ ሰዓታችሁ ካለፈ ላያስገቧችሁ ይችላሉ። የጂብሊ ሙዚየም ቀኑና ሰዓቱ ተጠቅሶ አስቀድሞ ካልተገዛ በር ላይ ትኬት የለውም። በሥራ ቀን ጠዋት ወይም ሊዘጋ ሲል ሰው ይቀንሳል። ትልልቅ ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፤ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳም እንዲሁ፤ ሰው ዞር ሲል ሥዕል የሚነካው እሱ ነውና።

አካሄድን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሳትቆሙ ከዳር እስከ ዳር ዙሩ። የያዟችሁን ጥቂት ሥራዎች በልባችሁ ያዙና ተመልሳችሁ በእነሱ ፊት ጊዜያችሁን አጥፉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ኃይሉን ጨርሶ የመጨረሻዎቹን ሩጫ ያደርጋቸዋል፤ የበሰሉት ሥራዎች ግን ብዙ ጊዜ ያሉት መጨረሻ ላይ ነው።

የሚታየው ሁሉ የእጅ ሥራው ነው ወይስ ቅጂ?

ሁለቱም ሊኖር ይችላል። ቅጂ ከሆነ መግለጫው ላይ ይጻፋል። የታሰረ ደብተር መስታወት ውስጥ ሲቀርብ የሚታዩት ሁለት ገጾች ብቻ ስለሆኑ ሌሎቹ በስክሪን ወይም በታተመ ቅጂ ይቀርባሉ። እነሱንም አትናቁ፣ ግን መጀመሪያ ወደ ዋናው ሂዱ።

ሥዕሉ ጥሩ ባይሆንስ? ዳይሬክተሩ ስለታወቀ ብቻ የተሰቀለ ቢመስለኝ?

የሚመስላችሁን ማመን መብታችሁ ነው፤ አንዳንዴም ልክ ትሆናላችሁ። በስም ብቻ የተሰቀለ ደካማ ሸራ አለ። ሆኖም ለስቶሪቦርድና ለንድፍ የምንጠይቀው ከሸራ የምንጠይቀውን አይደለም። ንድፍ የተሣለው ለአልባሳት ሰፊዋ፣ ለካሜራ ባለሙያው፣ ለተዋናዩ ነው። የሶቪየቱ ዳይሬክተር ሰርጌይ አይዘንስታይን በሺዎች የሚቆጠሩ ንድፎችን ትቷል፤ ብዙዎቹ በአንድ ያልተቋረጠ መስመር የተሣሉ ናቸው፤ ጥላም ጌጥም የላቸውም። ግን አንገቱን ያዞረ ሰው ምን ያህል እንደከበደው በዚያች መስመር ይታወቃል። ጥያቄው «ያምራል ወይ?» ብቻ ከሆነ ይህ ያመልጠናል። «ይህን ወረቀት የተቀበለ ባለሙያ ምን መሥራት እንዳለበት ያውቅ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጨምሩበት።

የፊልም ቁርጥራጮቹን ቆሜ ልይ?

ርዝመታቸው መግለጫው ላይ ይጻፋል። አጭር ከሆነ ከመጀመሪያው ጠብቃችሁ እዩት፤ ረጅሙን ቤት ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ግን አታገኙም።

ልጆች ይዤ ልሂድ?

አሻንጉሊቶችና ጭምብሎች ካሉበት በደስታ። አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሣት ለሚሠሩ ፊልሞች የተዘጋጁት በተለይ ልጆችን ይይዛሉ፤ በስክሪን ግዙፍ የነበረው ገጸ ባሕርይ ክንድ የማያህል ሆኖ ሲገኝ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ብታዩ ደስ ይላችኋል። ለአንድ ሰከንድ ፊልም እስከ 24 ጊዜ ቦታው እንደሚቀየር ንገሯቸው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ዳይሬክተሮች የሚሥሉት ደም፣ ሞትና እርቃን ያለበት ስለሆነ የሙዚየሙን ማሳሰቢያ ቀድማችሁ አንብቡ። ልጅ ሲደክመው ደግሞ አትግፉት።

ተዘዋዋሪ ዐውደ ርዕይ ካመለጠኝ የት ልሂድ?

ቋሚ ቦታዎች አሉ። የፓራጃኖቭ ሙዚየም በአርመን ዋና ከተማ ዬሬቫን ነው። ቤቱ ለእሱ እየተሠራ ሳለ በ1990 ስለሞተ አልኖረበትም፤ በ1991 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ ኮላዦቹ፣ ንድፎቹና ቆቦቹ እዚያ ናቸው። ፌሊኒ በተወለደባት በሪሚኒ በ2021 በስሙ ሙዚየም ተከፍቷል፤ ከፊሉ በጥንታዊው የሲስሞንዶ ምሽግ ውስጥ፣ ከፊሉም ፉልጎር ሲኒማ ባለበት ሕንፃ ነው። ከሁሉም አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ዬሬቫንን እመርጣለሁ፤ ያንን የቆርቆሮ ክዳን በፎቶ ማየትና በአካል ማየት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸውና።

ካታሎግ ልግዛ?

ሥዕሎቹ በትልቁ የታተሙበት፣ መጠናቸውና የተሠሩበት ቁስ የተጻፈበት ከሆነ ግዙ። አብዛኛው ገጽ የፊልሞቹ ፎቶ ከሆነ ይቅርባችሁ። በማረፊያ ወንበሮቹ አጠገብ ለንባብ የሚቀመጥ ቅጂ ካለ የወደዳችሁትን ሥራ ገጽ አውጡና ከግድግዳው ጋር አስተያዩት፤ ቀይና ጥቁሩ ቀለም ከግድግዳው ሥዕል ጋር ተቀራርቦ ከወጣ ኅትመቱ ተጠንቅቀው የሠሩት ነው።